የጥበብ ቤት ባለቤት ማን ነው?

ዕውቀት ከእግዚአብሔር የተሰጠ አደራ ነው ካልን፣ አደራውን የተቀበለ ሰው ወይም ሕዝብ በደጁ ላይ ዘብ አቁሞ «ይህ የእኔ ነው» ለማለት ሥልጣን አለውን? ወይስ የሚጠይቀውን ሁሉ፣ ቋንቋውንና ሃይማኖቱን ሳይመረምር፣ ሊያስገባው ይገባዋልን? ይህ የጥንት ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን በልዩ ልዩ አገር ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው፣ መምህራንንና ተማሪዎችን ለጥቂት ሳምንታት ባንድ ስፍራ ሰብስበው የበጋ ትምህርት ቤት በሚከፍቱበት በዚህ ዘመን እንደገና ተነሥቷል። ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ነገሩ የጽሕፈት ቤት ሥራ ብቻ ይመስለዋል፤ የመግባቢያ ሰነዱ ይፈረማል፣ በጀቱ ይያዛል፣ ማደሪያው ይሰናዳል፣ ቪዛው ይጠየቃል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በዚያ ቤት ባለቤቱ ማን፣ እንግዳውስ ማን እንደ ሆነ ሊታወቅ ይገባል።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሲያስተምሩ፣ ምሉእ ዕውቀት የፈጣሪ የባሕርይ ገንዘቡ ነው፤ የፍጡር ዕውቀት ግን ሁልጊዜ ከፊል ነው ይላሉ። ከዚህ ትምህርት ሁለት መንገድ ይወጣል። አንዱ ሰው፣ ዕውቀቴ ከፊል ከሆነ ሳልደፍር የአባቶቼን ብቻ ይዤ ልቀመጥ ይላል፤ ሌላው ግን፣ ዕውቀቴ ከፊል ከሆነ የጎደለኝ በሌላው ዘንድ ይገኝ ይሆናልና ተነሥቼ ልሂድ ይላል። የአገራችን የቆሎ ተማሪ ሁለተኛውን መንገድ መርጦ፣ ለድጓ ወደ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አባ፣ ለቅኔ ወደ ዋሸራ ሲጓዝ ኖሯል፤ ሁሉንም ባንድ ጉባኤ ቤት አገኘዋለሁ ብሎ አልተመካም። የቀረው ጥያቄ፣ ይህ መንገድ የመንግሥታት ድንበር፣ የሃይማኖት ልዩነትና የፖለቲካ ጠብ ባለበት ስፍራም ያስኬዳል ወይ የሚለው ነው።

ይህን ለመመርመር በአድርያቲክ ባሕር ዳር ያለችው ዱብሮቭኒክ መልካም ምስክር ናት። በላይፕሲግ ከቬርነር ሃይዘንበርግ ዘንድ ፊዚክስን ተምረው በኋላ የዛግሬብ ዩኒቨርሲቲ ሬክተር የሆኑት ኢቫን ሱፔክ፣ ዓለም በምሥራቅና በምዕራብ ተከፍላ በኑክሌር መሣሪያ በምትፈራራበት ዘመን፣ የሁለቱም ወገን ምሁራን የሚገናኙበት ቤት እንዲኖር አሳብ አቀረቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1972ም የኢንተር ዩኒቨርሲቲ ማእከል በዚያች ከተማ ተቋቋመ። ዩጎዝላቪያ ከሁለቱ የጦር ቃል ኪዳኖች ካንዱም ያልገባች አገር ነበረችና፣ የዋርሶውም ሰው የቦስተኑም ሰው ደጇን መርገጥ ይቻለው ነበር። ማእከሉ እንደ ሌላው ዩኒቨርሲቲ የራሱ ቋሚ መምህራን አልነበሩትም፤ አባል የሆኑት ዩኒቨርሲቲዎች መዋጮ ያወጣሉ፣ እያንዳንዱንም ኮርስ ከተለያዩ አገሮች የመጡ መምህራን ተጋግዘው ይመሩታል። ስለዚህ አንዱ ወገን ብቻውን ሥርዓተ ትምህርቱን ቀርጾ ሌላውን አድማጭ ብቻ አድርጎ ሊያስቀምጠው የሚችልበት ቤት አልነበረም።

ነገር ግን በዲሴምበር 6 ቀን 1991 የዩጎዝላቪያ ጦር ከተማይቱን ከቦ በመድፍ ሲደበድብ የማእከሉ ቤት ከነቤተ መጻሕፍቱ ተቃጠለ። እንግዲህ ተጠራጣሪ ሰው «ሊቃውንቱ ሃያ ዓመት ያህል ባንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው ሲነጋገሩ ኖረው ይህን ካላስቀሩ፣ መሰብሰባቸው ምን ረባ?» ቢል፣ ንግግሩ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ትምህርት ጦርነትን የሚመልስ ክታብ ነው ያለ ማንም የለም። ጉባኤ የሚመዘነው መድፉን ዝም በማሰኘቱ አይደለም፤ በውስጡ ያለፈው ሰው ከዚያ በኋላ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ በመገኘቱ ነው። በኦክስፎርድ ፍልስፍናን ያስተምሩ የነበሩትና ማእከሉን ያገለገሉት ካትሊን ዊልክስ፣ ወደ አገራቸው ሄደው በሰላም መቀመጥ ሲችሉ፣ በከበባው ወራት ከዱብሮቭኒክ ሳይወጡ ከሕዝቡ ጋር ቆዩ፤ ከተማይቱም በኋላ የክብር ዜግነት ሰጠቻቸው። እኒሁ ሴት ቀደም ብሎ በ1979 ወደ ፕራግ ተጉዘው፣ የዩኒቨርሲቲ ደጅ የተዘጋባቸው ሰዎች በመኖሪያ ቤት ተሰብስበው ፍልስፍና በሚማሩበት ጉባኤ አስተምረዋል፤ በማግሥቱ ዓመት የባልዮል ኮሌጅ አለቃ አንቶኒ ኬኒ በዚያው ጉባኤ ስለ አርስጣጣሊስ ሥነ ምግባር ሲያስተምሩ ፖሊስ ገብቶ ትምህርቱን አቋርጦ ይዟቸው ሄደ። ለዕውቀት የሚደረግ እንግድነት ዋጋ በሚያስከፍልበት በዚያን ጊዜ፣ አገር ለማየት የመጣው ሰው ከእውነተኛው እንግዳ ይለያል። የዱብሮቭኒኩም ቤት ተጠግኖ፣ ትምህርቱ ቀጥሏል።

ዩኒቨርሲቲዎች ውል ከመዋዋላቸው ከብዙ ዘመን በፊት፣ ይህንኑ የእንግድነት ምሥጢር አንድ የአገራችን ሰው በጀርመን ምድር አሳይቶ ነበር። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በ1649 በሮም ከጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋወቀ፤ በ1652 በጋ ደግሞ የጎታው መስፍን ኤርንስት ጠርቶት በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ለጥቂት ወራት ተቀመጠ። ቤቱ የመስፍኑ ነው፣ ማዕዱም የመስፍኑ ነው፤ እንግዳው ግን በልቡ ካጠናውና ከሕይወቱ ካገኘው በቀር አንዳች አልያዘም። መስፍኑ ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖትና መንግሥት ይጠይቃል፣ አባ ጎርጎርዮስ ይመልሳል፣ ሉዶልፍም እየተረጎመ ይጽፋል። ላቲን የማያውቀው ካህንና ግዕዝን ከጥቂት መጻሕፍት ብቻውን የለቀመው ጀርመናዊ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም ባንድ አልነበሩም፤ ሆኖም ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክና በ1698 ያወጣው የአማርኛ ሰዋስው ያለዚያ መምህር እንዲህ ሊሆኑ ባልቻሉ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ መርከቡ ተሰብሮ በባሕር ሞተ፤ ሉዶልፍም የመምህሩን ስም ሳይሰውር በመጻሕፍቱ ጠቅሶታል። በዚያ ቤተ መንግሥት አስተናጋጁ ደቀ መዝሙር፣ እንግዳው መምህር ነበር፤ ይህም የመስፍኑን ክብር አላጎደለበትም።

የዛሬዎቹ የበጋ ትምህርት ቤቶች ሁሉ በዚህ ሚዛን ይቆማሉ ማለት ግን አይቻልም። ብዙ ጊዜ ባለጸጋው ዩኒቨርሲቲ ገንዘቡን ስለሚከፍል ርእሱንም እርሱ ይመርጣል፣ መጻሕፍቱንም እርሱ ያዝዛል፤ ከድኻ አገር የመጣው ምሁር ስለ አገሩ ችግር ምስክርነት እንዲሰጥ ይጋበዛል እንጂ፣ ስለ ፍትሕ ወይም ስለ እውነት ባሕርይ እንዲያስተምር አይጠየቅም። ከዚያም በፊት በኤምባሲ ደጅ ተሰልፎ፣ የባንክ ሒሳቡን እያሳየ፣ ተመልሶ ወደ አገሩ እንደሚገባ ማስረዳት አለበት። እንዲህ ያለው ስብሰባ በጎ አድራጎት ሊባል ይችላል፤ ማኅበር ሊባል ግን አይገባውም፤ ማኅበር ማለት ሁሉም ጎዶሎውን ይዞ የሚመጣበት ነውና። ባለጸጋው ጎዶሎነቱን ሳያምን ደጁን ቢከፍት፣ የከፈተው ሌሎች እንዲያደንቁት ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህን መልስ ያገኛል፤ የጥበብ ቤት ባለቤት ጥበብን የፈጠረ አምላክ ብቻ ነው፤ ሰው ሁሉ፣ አዳራሹን የሠራውም ጭምር፣ በዚያ ቤት እንግዳ ነው። እንግዳ እንግዳን ሊያስወጣ ሥልጣን የለውም፤ በላዩም ሊሠለጥን አይችልም። ስለዚህ ውል ለመፈራረም የሚቀመጡ ዩኒቨርሲቲዎች ከበጀቱና ከማደሪያው አስቀድመው እያንዳንዳቸው «የእኛ መምህራን በዚህ በጋ ከሌሎቹ የሚማሩት ምንድን ነው?» ብለው ራሳቸውን ይጠይቁ፤ ለዚህም በጽሑፍ የሚያሰፍሩት መልስ ያጡ እንደ ሆነ፣ ብዕሩን አስቀምጠው እስኪያገኙት ድረስ ቢቆዩ ይሻላቸዋል።