በብር ላይ ያለው መልክ

አንድ የጉባኤያችን ሽማግሌ ከአምልኮ በኋላ ጠብቀው፣ «ቄስ ሆይ፣ በአረቄ ንግድ የተገኘ ብር ለቤተ ክርስቲያን መሥሪያ ቢሰጠን እንቀበለውን?» ብለው ጠየቁኝ። የተወደዳችሁ ወገኖች ሆይ፣ ጥያቄው ቀላል አይደለም። ገንዘብ ይረክሳልን? ቢረክስስ ርኵሰቱ ከወዴት ይመጣበታል? ይህን ለመመርመር የጥንቶቹ ግሪኮች የብር ገንዘብ ይረዳናል።

የአቴና ከተማ ሰዎች በብራቸው በአንዱ ወገን የጥበብ አምላክ የሚሏትን የአቴናን ራስ፣ በሌላው ወገን የእርስዋን ወፍ ጉጉትን ይቀርጹ ነበር። በተረታቸውም ይህች አምላክ የጦር ዕቃ እንደ ለበሰች ከድያ ራስ ወጣች ይባላል። ያ የአራት ድሪም ብር 17 ግራም ያህል ይመዝን ነበር። የተቈፈረው በላውርዮን ነው፤ ቈፋሪዎቹም በጠባብ ጕድጓድ ውስጥ የሚደክሙ ባሮች ነበሩ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ483 ዓመት ገደማ ብዙ ብር በተገኘ ጊዜ፣ ቴሚስቶክሌስ ሕዝቡ ብሩን ከሚካፈለው መርከብ ቢሠራበት እንደሚሻል መከረ፤ በ480 ዓመትም እነዚያ መርከቦች በሰላሚስ የፋርስን ኃይል ድል ነሡ። እንግዲህ ያው ብር ለከተማው ሰው ነጻነት፣ ለባሪያው ግን መቃብር ሆነ። የጥበብ መልክ ተቀርጾበታል፤ የባሪያው መልክ ግን የለበትም።

በኢየሩሳሌም ደግሞ የተቀረጸ ምስል በሕግ የተከለከለ ሲሆን፣ የቤተ መቅደሱ ግብር የሚከፈለው በጢሮስ ብር ነበር፤ ብሩ ጥሩ፣ ሚዛኑም የታመነ ነበርና። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ126 ዓመት ገደማ ጀምሮ የተመታው ይህ ብር የጢሮስን ጣዖት የሜልቃርትን ራስ፣ በስተኋላውም ንስርን ይዞ ነበር። ግሪኮች ሜልቃርትን አንበሳ ገደለ ከሚሉት ከሄራክሌስ ጋር አንድ ያደርጉት ነበር። ጴጥሮስ ከዓሣው አፍ ያወጣው እስታቴር፣ ይሁዳም የተቀበለው ሠላሳ ብር ከዚሁ ዓይነት ሳይሆን አይቀርም ብለው ብዙ ሊቃውንት ይገምታሉ።

አሁን ልብ እንበል። ካህናቱ የጣዖት መልክ ያለበትን ብር ያለ ማመንታት ወደ መቅደስ ያስገቡ ነበር። ይሁዳ ብሩን በመለሰላቸው ጊዜ ግን የደም ዋጋ ነው ብለው ከመባው ሣጥን ከለከሉት። ደሙን የገዛችው እጅ የማን ነበረች? የራሳቸው አይደለችምን? ብሩን መረመሩ፤ እጃቸውን አልመረመሩም። ጌታችን ግን በብሩ ላይ ስላለው ምስል ብሎ ግብሩን አልከለከለም። ብር በእሳት የቀለጠ ማዕድን ነው፤ ኃጢአት አይሠራም። ርኵሰቱ ያለው ብሩ በመጣበትና በሚሄድበት መንገድ ነው።

ስለዚህ ለሽማግሌው እንዲህ አልኋቸው፦ «ብሩን ከመቀበላችን ወይም ከመመለሳችን በፊት ወደ ነጋዴው ቤት እንሂድ። ብሩን ተቀብለን ሰውየውን ብንተወው ንግዱን ባረክንለት ማለት ነው። ብሩን መልሰን ሰውየውን ብንተወው ደግሞ እንደ ካህናቱ ራሳችንን ብቻ አጸደቅን። ዘኬዎስ ለድሆች እንደሚሰጥ፣ ለበደላቸውም አራት እጥፍ እንደሚመልስ ቃል ገባ። በዚያ ብር ውስጥ የሰካራሙ ልጆች እራት አለበት፤ ድርሻቸው አስቀድሞ ለእነርሱ ይመለስ።»

ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው፣ «እንግዲያስ እኔም አብሬ እሄዳለሁ» አሉ።

በብር ላይ ያለው መልክ በእጅ ብዛት ይደመሰሳል። በነጋዴውና በሰካራሙ፣ በላውርዮንም ባሪያ ላይ ያለው የእግዚአብሔር መልክ ግን ቢደበዝዝ እንኳ የባለቤቱ ነው። የመባውን ሒሳብ ስንቈጥር አስቀድመን ይህን መልክ እንፈልግ።