ውሃው የእኛ፥ መርከቡ የሰው

አንድ ነገር የራስ ነው የሚባለው በምን ምክንያት ነው? በአገር ውስጥ ስለ ተገኘ ነውን? ወይስ አገባቡን ዐውቆ ሊሠራበት የሚችል ሰው ስላለ ነው? ይህ ጥያቄ የፈላስፎች ብቻ መስሎ ቢታይም፥ የባሮን ወንዝ የንግድ ታሪክ የሚመረምር ሁሉ ሊያልፈው አይችልም።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በግንቦት ወር 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተዋዋሉት የወሰን ውል፥ በአራተኛው ክፍል፥ በባሮ ዳር በኢታንግ አቅራቢያ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ለማከራየት ፈቀዱ። ውሉ ግን በጥንቃቄ የታሰረ ነበር፤ ይኸውም የወንዙ ዳር ርዝመት ከ2000 ሜትር፥ የቦታውም ስፋት ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፥ ለጦርና ለፖለቲካ ሥራ እንዳይውል፥ ሱዳንም በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንዲጸና ነው። ጣቢያው በጋምቤላ ቆመ። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻነቷን ባገኘች ጊዜ የኪራዩ ምክንያት አበቃ፤ በ1949 ዓ.ም. መጀመሪያም ቦታው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ውሉን የተዋዋሉት ንጉሥ መሬትን መጠበቅ ዐውቀውበታል።

በእነዚያ ዓመታት የምዕራብ ቡና በበቅሎና በሰው ጫንቃ ከጎሬ ደጋ ወደ ጋምቤላ ይወርድና፥ በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ በሶባትና በነጭ ዓባይ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። ጨውና ጨርቅም በዚያው መንገድ ይመጣ ነበር። ወንዙ ለመርከብ የሚበቃው በክረምቱ ወራት ብቻ ሲሆን፥ መርከቦቹ ደግሞ የሱዳን መንግሥት ነበሩ። ስለዚህ ቡናው የእኛ፥ ውሃው የእኛ ሲሆን፥ የመነሻውን ቀን የሚቈርጠው ግን ሌላ ነበር።

ምናልባት፥ «መርከብ ለሌለው ሰው የሌላው መርከብ ከምንም ይሻላል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ቡናው በጎተራ ከሚበሰብስ በባዕድ መርከብ ቢሄድ ይሻላል። በሌላው ዕቃ መጠቀም ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሥራውን ሳይማሩ ዘመኑን ማሳለፍ ነው። ውል ቀኑ ሲደርስ መሬትን ይመልሳል፤ ዕውቀትን ግን የሚመልስ ውል የለም። ቦታው ከተመለሰ በኋላ የወንዙ ንግድ እየደከመ ሄደ። የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነትና የመኪና መንገድ መስፋፋት ለዚህ ምክንያት ቢሆኑም፥ በራስ እጅ ያልተሠራ ሥራ ችግር ሲመጣ የሚቈምለት ሰው ያነሰ መሆኑ አይካድም።

ደግሞም «የእኛ» የሚለውን ቃል ስንናገር ልብ እንበል። ያ አራተኛ ክፍል ስለ ሁለት መንግሥታት ይናገራል እንጂ፥ ባሮን በታንኳው ሲቀዝፍ ስለ ኖረው ስለ አኙዋክ ሕዝብ አንዳች አይናገርም። ወንዙን ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው ግን እርሱ ነበር። ዕውቀትን ከሩቅ የሚሻ መንግሥት በቅርብ ያለውን ሊረሳ አይገባውም።

አባቶች «በሰው ወርቅ አይደምቁ» ይላሉ። ወርቁን መዋስ ግን አልከለከሉም። እንግዲህ ዛሬም ከውጭ የምናመጣው መሣሪያ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቀናል፤ ባለቤቱ በሄደ ማግስት ከእኛ መካከል መሪውን የሚይዝ ማን ነው?