በልቧም፣ በእግሯም፣ በክንፏም

ሊቃውንቱ ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ የሐሙስንና የዓርብን ፍጥረታት በሦስት ይመድቧቸዋል፦ በልባቸው የሚሳቡ፣ በእግራቸው የሚሽከረከሩ፣ በክንፋቸው የሚበሩ። ማጉያ መነጽር ባልነበረበት ዘመን የተበጀ፣ ዛሬም ቢሆን ለማንም አስተዋይ ዓይን የሚበቃ አከፋፈል ነው። ቢስተን የሚባለው ወገን የእሳት ራት ግን በአንድ ዕድሜዋ ሦስቱንም ታዳርሳለች።

አባጨጓሬ ሳለች እዩዋት። የብዙዎቹ የእሳት ራቶች አባጨጓሬ ከደረቱ ሥር ሦስት ጥንድ እግር፣ ከሆዱ ሥር ደግሞ አምስት ጥንድ ሥጋማ እግር አለው። ለእርሷ ከአምስቱ የተሰጧት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ወደ ኋላዋ። መሐሏ እግር የለውምና በፊት እግሮቿ ቆንጥጣ ወገቧን ወደ ላይ ትቀልሳለች፣ ኋላዋን ወደ ፊቷ ታስጠጋለች፣ ከዚያ እንደገና ትዘረጋለች። አቡጀዲ በስንዝር የሚለካ እጅ ልክ እንዲህ ነው የሚሄደው። መሳብ ነው ወይስ መራመድ? እኔ መቁረጥ አቅቶኛል። እንዲህ እየለኩ የሚሄዱት የእሳት ራቶች ቤተሰብ ከ23 ሺህ በላይ ዝርያ አለው።

ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ በ1758 (እ.ኤ.አ.) የሚያውቃቸውን የእሳት ራቶች ከሞላ ጎደል ሁሉ “ፋሌና” በሚል አንድ ወገን አጎራቸው። እነዚህን ለኪዎች በውስጡ ለይቶ ሲሰይም ግን የሚያስደንቅ ጥንቃቄ አደረገ፤ አንቴናቸው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለውን በ“አሪያ”፣ ቀጭንና ልሙጥ የሆነውን በ“አታ” የሚጨርስ ስም ሰጣቸው። “ቤቱላሪያ” የተባለችው፣ ነጭ ክንፏ ላይ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰባት የምትመስለው፣ ስሟን ከበርች ዛፍ ወሰደች። በ1815 እንግሊዛዊው ዊልያም ሊች ቢስተን የሚለውን ወገን አቋቋመ። ቤቱላሪያን ግን በዚያው ምዕተ ዓመት ብዙዎች “አምፊዳሲስ” በሚል ሌላ ወገን ሥር ይጽፏት ነበር። የሻይ ቅጠል ገበሬዎችን የምታስመርረው የእስያዋ ዝርያም “ቡዙራ” ስትባል ኖራ ኋላ ቢስተን ውስጥ ገባች። ሰዎቹ መዝገባቸውን ሲሰርዙና ሲደልዙ እርሷ በሌሊት መብረሯን፣ እንቁላል መጣሏን አላቋረጠችም።

ዓይን ብቻውን ዳኛ እንዳይሆን ይህ ወገን ራሱ ያስተምራል። በ1848 ማንችስተር አካባቢ ከጭንቅላት እስከ ክንፍ ጫፍ ጥቁር የሆነች ቤቱላሪያ ተገኘች፤ በምዕተ ዓመቱ መጨረሻ በከሰል ጥቀርሻ በጠቆረው በዚያ አገር ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥቁር ነበሩ። ጥቁሯንና ነጯን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ ሰው ሁለት ዝርያ ናቸው ቢል ማን ይፈርድበታል? እናታቸው ግን አንድ ናት። በ2016 ይፋ በሆነ ጥናት የልዩነቱ ምንጭ ተገኘ፤ 22 ሺህ ገደማ ፊደላት ያሉት የዲኤንኤ ቁራጭ ከቦታው ዘልሎ አንድ ጂን ውስጥ ገብቷል። በአንጻሩ በመልክ የሚመሳሰሉት ሁለት ዝርያ ሆነው ይገኛሉ። ለዚህ ነው መዳቢዎቹ የወንዱን የመራቢያ አካል በማይክሮስኮፕ የሚመረምሩት። ክንፉ ሰውን ሊያታልል ይችላል፣ በዚያች ኢምንት አካል ቅርጽ ላይ ግን ዝርያው በግልጽ ይለያል። በ2011 የቻይና ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ ሲመረምሩ እስከዚያ ድረስ ስም ያልወጣላት አዲስ ቢስተን አገኙ። ለአዳም የተሰጠው ስም የማውጣት ሥራ ገና አላለቀም ማለት ነው።

ጥበቡን ማን ይመረምረዋል! የቤቱላሪያ አባጨጓሬ ያረፈችበትን ቅርንጫፍ ትመስላለች፤ ቡናማ ላይ ቡናማ፣ አረንጓዴ ላይ አረንጓዴ ትሆናለች፤ ቀጥ ብላ ስትቆም ጭራሮ ናት። ቀለሙን አይታ ነው እንዳይባል፣ በ2019 ውጤታቸውን ያሳተሙ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ዓይኖቿን በጥቁር ቀለም ደፈኑባት። እርሷ ግን ያው የቅርንጫፉን ቀለም ያዘች። ማረፊያ እንድትመርጥ ሲተዋትም መልኳን የሚመስለውን እንጨት ለይታ ሄደችበት። ቆዳዋ ሲመረመር ለማየት የሚያገለግሉት ጂኖች እዚያም ሥራ ላይ ሆነው ተገኙ።