ያልተጻፉት ሴት ልጆች

ለመሆኑ ስሙ በመዝገብ ያልሰፈረ ሰው እንደ ኖረ በምን ይታወቃል? ጥያቄው የፈላስፎች ጨዋታ ይመስል ይሆናል፤ የቻይናን ማኅበራዊ ታሪክ ከጥንት መዛግብት ለሚያጠኑ ምሁራን ግን የዕለት ተዕለት የሥራ ጥያቄ ነው።

በቺንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ በሰሜን ምሥራቅ ቻይና በምትገኘው ሊያውኒንግ፣ «ስምንቱ ሰንደቆች» በሚባለው ወታደራዊና አስተዳደራዊ ሥርዓት የታቀፉ ገበሬዎች በየሦስት ዓመቱ ቤት ለቤት ይመዘገቡ ነበር። ጸሐፊው የአባወራውን ስም፣ የቤተሰቡን ዝምድና፣ ዕድሜን፣ ሹመትን፣ የአካል ጉዳትን፣ ኮብልሎ የጠፋ ካለም ያንኑ ያሰፍራል። የመንግሥት ዓላማ ሰዎቹን ቆጥሮ በእጁ ማቆየት እንጂ ለታሪክ ማስቀመጥ አልነበረም። ጄምስ ሊ፣ ካሜሮን ካምቤልና ባልደረቦቻቸው ግን እነዚህን መዛግብት ዓመታት በፈጀ ድካም ወደ ኮምፒዩተር አስገቧቸው። ውጤቱም እ.ኤ.አ. ከ1749 እስከ 1909 ያለውን ዘመን የሚሸፍን፣ ከ260,000 በላይ ሰዎችን የያዘ፣ 1.5 ሚሊዮን ያህል መስመሮች ያሉት የመረጃ ክምችት ሆነ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ብቻዋን ብዙ የማትናገር መስመር ከሌሎቹ ጋር ስትያያዝ የአንድን ማኅበረሰብ ኑሮ ትገልጣለች። ዜና መዋዕል የነገሥታትን ዘመቻ ይተርካል፤ የአንድ ገበሬ ሦስተኛ ልጅ አግብቶ እንደ ሆነ ወይም ሳያገባ እንደ ሞተ ግን አይነግረንም። ስለዚህ ይህን የጥናት መንገድ «ሰውን ወደ ቁጥር ማውረድ» ብሎ መንቀፍ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ታሪክ ሳያነሣው ላለፈ ሰው፣ መቆጠርም አንድ መታሰቢያ ነው።

ጭንቁ የሚመጣው ያልተቆጠሩት ላይ ሲደረስ ነው። ያላገቡ ሴት ልጆች በአብዛኛው በመዝገቡ አልገቡም። ይሁንና ሊና ካምቤል በዛሬዋ ሼንያንግ አቅራቢያ የምትገኘውን ዳውዪን እ.ኤ.አ. ከ1774 እስከ 1873 ባለው ዘመን ሲያጠኑ፣ የእህል ዋጋ ሲወደድ የሚመዘገበው ልደት እንደሚቀንስ፣ የሴቶቹም ከወንዶቹ ይበልጥ እንደሚያሽቆለቁል አስተዋሉ። ከዚህና ከመሰል ምልክቶች ተነሥተውም፣ ከተወለዱት ሴቶች ከአምስት አንዷ፣ ምናልባትም ከአራት አንዷ፣ በጨቅላነቷ ሆን ተብሎ ሳትገደል እንዳልቀረች ገመቱ።

እንግዲህ ባዶው ቦታ ሁለት ፍቺ አለው ማለት ነው። ጸሐፊው የዘለላት ልጅና እንዳትኖር የተፈረደባት ልጅ በወረቀቱ ላይ አይለያዩም።

በትርጉም ሥራዬ ይህን መሰል ባዶ ቦታ ገጥሞኝ ያውቃል። ከዓመታት በፊት ለአንዲት እናት የባዕድ አገር ቅጽ እየተረጎምሁ ስሞላ፣ «ስንት ልጆች አሉዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ያሉትን ነው ወይስ የወለድኋቸውን?» አሉኝ። ቅጹ የነበረው አንድ ሣጥን ብቻ ነበር። «4» ብዬ ጻፍሁ። ስሕተት አልጻፍሁም፤ የቀሩት ሁለቱ ግን ከእሳቸውና ከእኔ በቀር የሚያውቃቸው ሳይኖር ቅጹ ተላከ።

ከዚያ ወዲህ በመዝገብ ዝምታ ፊት ሁለት ግዴታዎች እንዳሉብን አምናለሁ። የመጀመሪያው፣ «አልተጻፈምና አልነበረም» አለማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ባዶውን በራሳችን ፍርድ አለመሙላት ነው። ስሌቱ በዳውዪ ስለ ተፈጸመው ድርጊት ሊመሰክር ይችላል፤ «ይህች እናት ልጇን ገደለች» ለማለት ግን ሥልጣን የለውም። ከአምስት አንዷ የሚለው ግምት ስለ አካባቢው የተነገረ እንጂ ስለ የትኛውም ቤት የተነገረ አይደለም።

«ታዲያ አድራጊው ካልታወቀ፣ በደሉ ሁሉ በእህል ዋጋ ተሳብቦ ሊቀር ነውን?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። አይደለም። የእህል ዋጋ ችግሩ መቼ እንደ ጠና ያስረዳል፤ ችግሩ በሴቷ ላይ ለምን እንደ በረታ ግን አያስረዳም። እሱን የሚያስረዳው ወንዱን የዘርና የርስት ወራሽ፣ ሴቷን ግን ለባዕድ ቤት የምታድግ አድርጎ ይመለከት የነበረው ልማድ ነው። ይኸው አስተያየት የጸሐፊውንም ብዕር ሳይመራው አልቀረም። ለመመዝገብ ያልበቃችው ልጅ፣ በክፉ ዘመን ለመኖርም ሳትበቃ ትቀር ነበር።

ስለዚህ በእጃችን ያለውን መዝገብ ስናገላብጥ፣ ከተጻፈው ቀጥሎ ልንጠይቀው የሚገባን ማን ሳይጠየቅ እንደ ታለፈ ነው። ዛሬም ቅጽ የምናዘጋጅና የምንሞላ እኛው ነንና።