ሲንቄና የወተት ቅል

የአርሲ ኦሮሞ እናት ልጇን ስትድር ሲንቄ ትሰጣታለች። ሲንቄ ቀጥ ያለች ቀጭን በትር ናት፤ ቆርጦ ልጦ ማዘጋጀቷ የብዙ ዓመት ልምድ አይጠይቅም። ሆኖም ባሏ የበደላት ሴት ሲንቄዋን ይዛ እልል እያለች ስትወጣ፣ የሰሙ ሚስቶች ሥራቸውን ጥለው የየራሳቸውን ይዘው ይከተሏታል። ጉዳዩ በሽማግሌ ታይቶ ጥፋተኛው ሳይክስ አይመለሱም። ዩኔስኮ ሲንቄ የምትገኝበትን የኦሮሞ የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በቅርስነት ከመመዝገቡ ከብዙ ዘመን በፊት፣ ይህችን በትር ለዛሬ ያደረሷት እናቶች ናቸው።

የወተት ቅል ማዘጋጀት ግን እንደ ሲንቄ አይቀልም። ቅሉ ይደርቃል፣ ፍሬው ወጥቶ ውስጡ ይፋቃል። ክዳኑ በስፌት ሲሠራ ቀዳዳ እንዳይተው ክሩ የሚጠብቅበትን ልክ የምታውቀው ጣት ናት። ይህ በቃል አይነገርም፤ ልጅቱ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ፣ እየሰፋች፣ እየፈታች፣ እንደገና እየሰፋች ትደርስበታለች።

የእጅ ሙያ እየጠፋ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ሥልጠናና ኤግዚቢሽን ነው። እኔ ግን ጥያቄው ከማስተማር በፊት ያለ ይመስለኛል። ሰው ለልጁ የሚያወርሰው፣ ልጁ ያለ እሱ የሚቸገርበትን ነገር ነው። የአርሲዋ ከተማ በቆጂ ራሷ ለዚህ ምስክር ናት። እዚያ አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ሯጮቹን ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ኮትኩተዋል። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና 10,000 ሜትር ወርቅ ካጠለቀች ወዲህ፣ የበቆጂን ልጅ ሩጫን አትርሳ ብሎ መለመን አላስፈለገም። ገንዘብ ብቻ ነው ምክንያቱ እንዳይባል ደግሞ ሲንቄ አለች፤ ሳንቲም አታስገኝም፣ ግን ታስከብራለች።

ክብር ስል የሚያመኝን ልናገር። ማረሻ የማያስፈልገው በበሬ አራሽ በዚህ አገር አልነበረም፤ ማረሻውን የሚሠራው ቀጥቃጭ ግን በብዙ ቦታ ቡዳ ተባለ፣ ሸክላ ሠሪዋም አብራው ተናቀች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት መድረሳቸው የንቀቱን ስፋት ያሳያል። ልጁን ከወናፉ አርቆ ትምህርት ቤት የላከ ቀጥቃጭ ባህል ገደለ ሊባል አይችልም። ልጃችንን ለጋብቻ የከለከልነውን ቤት ሙያህን ጠብቅልን ማለት ግፍ ነው። ጥበቃ የሚጀምረው ያንን ግፍ ከማቆም፣ የልፋቱንም ዋጋ ሳይከራከሩ ከመክፈል ነው።

የቀረውን ኑሮ ራሱ ይለየዋል። ጀሪካን እንስራን ከውኃ መንገድ አስወጥቷል፤ ቀላልና የማይሰበር ስለሆነ ውኃ የምትቀዳው ሴት መርጣዋለች፣ ልክም ናት። ወተት ላይ ሲደርስ ግን ፕላስቲክ እሳት ፊት አይቆምም። ቅሉ በወይራ ጭስ ሲታጠን ወተቱ ቶሎ አይበላሽም፣ እርጎውም ያን ጠረን ይይዛል። ይህን ጠረን የለመደ ቤት ቅሉ ሲሰነጠቅበት ጀሪካን አይገዛም፤ ስንጥቁን የምትሰፋለት ሴት ማን ቤት እንዳለች ይጠይቃል።