አደራና ተሰጥኦ

የይፋትን ቆላ ቁልቁል በምታየው በአንኮበር በ1925 ዓ.ም. የተወለዱት አፈወርቅ ተክሌ በወጣትነታቸው ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። እርሳቸው ግን ሥዕልን፣ ቅርጻ ቅርጽንና የሕንፃ ጥበብን ተምረው ተመለሱ። አገር ለአንድ ሙያ የላከችው ሰው ሌላ ይዞ ቢመለስ አደራ በላ እንለው ዘንድ ይገባናልን?

ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ ተማሪው ሁሉ ልቡ ወደ ወደደው ቢያዘነብል ማዕድኑን ማን ያወጣዋል? «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» የሚለው ተረትም ብዙ ሙያ የሚሹትን ይገሥጻል። ይሁን እንጂ ሥዕልና ሕንፃ የአንድ ዛፍ ቅርንጫፎች ናቸው። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍኑት ባለቀለም የመስተዋት ሥዕሎቻቸው የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ የሚናገሩት ብርሃን ሲያልፍባቸው ነው፤ ብርሃን ወደ ሕንፃ እንዴት እንደሚገባ ያላጤነ ሠዓሊ እንዲህ ያለውን ሥራ አይደፍርም። ቪላ አልፋ የተባለውን ቤታቸውንም ንድፉን ያወጡት ራሳቸው ናቸው።

በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ያለ ገበሬ ዝናብ ዘግይቶ ማሽላው ቢያመልጠው ማሾ ይዘራል፤ አበዳሪው የሚጠይቀው ግን ስለ ዘሩ ዓይነት ሳይሆን ስለ ዕዳው ነው። አፈወርቅም በ2004 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ዕዳቸውን በሥራቸው ከፈሉ እንላለን። ይህ ግን የተላከበትን ትቶ የመረጠውንም ሳይፈጽም ለሚቀር ሰው ማመካኛ አይሆነውም፤ መንገዱን የለወጠ ድካሙን እጥፍ ሊያደርግ ይገባዋል። ላኪም ቢሆን ከመላኩ በፊት የልጁን ተሰጥኦ ይመርምር።