ሐሳብና ሁካታ

ሰው አንድን እንቆቅልሽ ለመፍታት የግድ ጸጥታ ያሻዋልን? ወይስ ጸጥታ የሚባለው ከውጭ የሚሰጥ ሳይሆን ሰው በውስጡ የሚያበጀው ነገር ነው? ጥያቄው ለፈላስፎች ብቻ የተተወ አይደለም፤ መምህሩ በክፍሉ፣ ሠዓሊው በሸራው ፊት፣ ጸሐፊው በጠረጴዛው ላይ በየዕለቱ የሚጋፈጡት ነው።

በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ በላምበረት መናኸሪያ አካባቢ ለዚህ ጥያቄ ተጨባጭ ምሳሌ አይጠፋም። ረዳቶች የየአገሩን ስም እየጠሩ ይጮኻሉ፤ የአውቶቡስ ጥሩምባ ያስተጋባል፤ ቆሎና ውኃ የሚያዞሩ ልጆች በመንገደኛው መካከል ይሽሎከለካሉ። በዚህ ሁሉ መሐል ሁለት ተሸካሚዎች ሥራ እስኪመጣ ድረስ በካርቶን ላይ በተሠመረ ገበታ፣ በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። የከበባቸው ተመልካች አንዱ «ብላው!» ሌላው «ተው፣ ወጥመድ ነው!» ይላል። ባለተራው ግን ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ሦስትና አራት እርምጃ ወደፊት ያሰላል። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ይባላል፤ ልብ ካልሰማም ጆሮ አይሰማም።

ይህ ትኩረት ዛሬ የተገኘ አይደለም። በመሳፍንቱና በመኳንንቱ ቤት ይዘወተር የነበረው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ራሱ በሁካታ የሚጀመር ጨዋታ ነበር። ወረራ በሚባለው መክፈቻ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ተራ የሚያዘው አንዱ የሌላውን ጠጠር መጀመሪያ በበላ ጊዜ ነው። የተመልካቹም ምክርና ጩኸት ከገበታው አይለይም ነበር። እንግዲህ የተጫዋቹ ብልኃት ስሌት ብቻ አልነበረም፤ በሰው መካከል ተቀምጦ፣ የሰውን ምክር እየሰማ፣ የራስን ፍርድ መጠበቅም ነበር።

ይህ ሲባል ሁካታ በጎ ነው ማለት አይደለም። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ተማሪ ቅኔ ለመቁጠር ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ ዱር ይወጣል፤ ጀማሪ ሐሳብ እንደ ቡቃያ ከለላ ይፈልጋልና። ስለዚህ ለሚማር ልጅ ጸጥታን ማዘጋጀት የኅብረተሰቡ ግዴታ ነው። ሆኖም ቅኔው በዱር አይቀርም፤ ከበሮና ጸናጽል ከሚሰማበት፣ ሊቃውንት ሰሙን ከወርቁ ሊለዩ ጆሯቸውን ካቀኑበት ጉባኤ መቅረብ አለበት። ብቸኝነቱ መንገድ እንጂ መድረሻ አይደለም።

ጥያቄው ወደ ሞራል ጥያቄነት የሚለወጠው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው በሐሳቡ ሲመሰጥ የትኛውን ድምፅ አለመስማት ይፈቀድለታል? ከክርስቶስ ልደት በፊት በ212 ዓመት ሮማውያን የሲራኩስን ከተማ በያዙ ጊዜ ሊቁ አርኪሜዲስ በአንድ ወታደር እጅ ተገደለ። ፕሉታርክ ከመዘገባቸው ትረካዎች አንዱ እንደሚለው፣ አርኪሜዲስ በነደፈው ሥዕል ተመስጦ ስለ ነበር የከተማዋን መያዝ እንኳ አላስተዋለም። ቀድሞ በሠራቸው መሣሪያዎች ከተማይቱን የተከላከለው አእምሮ፣ በመጨረሻዋ ሰዓት ጩኸቷን አልሰማም። ምሰጣው ያስደንቃል፤ ለአርአያነት ግን ያጠያይቃል።

የሰው ጆሮ በተፈጥሮው እንዲህ ፈጽሞ የተዘጋ አይደለም። እንግሊዛዊው ኮሊን ቼሪ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ጥናት፣ በሁለቱ ጆሯቸው የተለያየ ንግግር እየሰሙ አንዱን ብቻ ተከትለው እንዲደግሙ የታዘዙ ሰዎች፣ በሌላው ጆሯቸው ምን እንደ ተባለ አብዛኛውን ጊዜ መናገር አልቻሉም። ኔቪል ሞሬይ እ.ኤ.አ. በ1959 እንዳሳየው ግን፣ ችላ በተባለው ጆሮ የገዛ ስማቸው ሲጠራ ከተፈታኞቹ ከፊሎቹ ሰምተዋል። ከዚህ የምንረዳው፣ ትኩረት በሩን ዘግቶ ጥሎ የሚሄድ ሳይሆን በበሩ ላይ የሚቆም ዘበኛ መሆኑን ነው። ዘበኛው ማንን እንደሚያስገባ የሚወስነው ግን ባለቤቱ «የእኔ ነው» ብሎ የተቀበለው ነገር ነው።

በላምበረት ያለው የዳማ ተጫዋችም ይህን በተግባር ያሳያል። ጥሩምባው አላናወጠውም፤ የተመልካቹ ጩኸትም አላሳተው። አንዲት አሮጊት ጆንያቸውን ከአውቶቡስ አውርደው «ልጄ፣ እባክህ አግዘኝ» ባሉ ጊዜ ግን፣ ከጥሩምባው እጅግ የደከመውን ይህን ድምፅ ሰምቶ፣ ሊያሸንፍ የተቃረበበትን ገበታ ትቶ ይነሣል። ጆንያው እንጀራው ነው፤ ተጣሪዋም እናቱን ይመስላሉ።

የኪነ ጥበብ ሰው «ሁካታው ሲበርድ እጽፋለሁ» ብሎ ቢጠብቅ ዕድሜው ያልፋል፤ ጆሮውን ደፍኖ ቢጽፍም ለማን እንደሚጽፍ ይጠፋዋል። ከእርሱ የሚጠበቀው በጩኸቱ መካከል ተቀምጦ እንቆቅልሹን መፍታት፣ የሚያስፈልገው ሰው በተጣራ ጊዜም ገበታውን ትቶ ለመነሣት ዝግጁ መሆን ነው።